የተሸነፈ ሰው ምስክርነት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ጨዋታ የሚባለው ነገር የሕፃናትና የሥራ ፈቶች ድርሻ ብቻ ነው ብላችሁ የምታስቡ ብትኖሩ፥ ይህን ገጽ ገልጣችሁ ከማለፋችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ሰው በጨዋታ ላይ የሚያሳየው ጠባይ በቢሮም፥ በገበያም፥ በፍርድ አደባባይም ያው ነው። ኑሮ ይህን ጠባይ ለመግለጥ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ጨዋታ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ አውጥቶ ያሳየናል።

እኔ በልደታ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመርቄ ከወጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። ልደታ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ቤተ ክርስቲያኑና ፍርድ ቤቱ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፥ ጠበቃና ምስክር ጠዋት ጠዋት ፋይላቸውን በብብታቸው ይዘው ሲተላለፉ እያዩ ያደጉ ልጆች ነገር ማቅረብ ያውቁበታል። ስለዚህ ተማሪዎቼ በዕረፍት ሰዓት የሚከራከሩበትን ጉዳይ ስሰማ ዝም ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም።

ጉዳዩ የካርታ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በበዓል ቀን በየቤቱ የሚታየው የወረቀቱ ካርታ አይደለም፤ በስልክ ላይ የሚጫወቱት ሀርዝስቶን የተባለ ጨዋታ ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ሲሆን፥ እያንዳንዱ ተጫዋች 30 ካርታዎች ያሉት ስብስብ አስቀድሞ ራሱ መርጦ ያዘጋጃል። የተጋጣሚውን 30 የሕይወት ነጥብ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። የወረቀቱ ካርታ 52 ሆኖ ይኖራል፤ ይህ ግን በየጊዜው ጭማሪ ይወጣለታል። በአንድ ጭማሪ ከ100 የሚበልጡ አዳዲስ ካርታዎች ይመጡና፥ ሰው ለወራት ሲለምደው የቆየው ብልሃት በአንድ ሌሊት ያረጃል።

ታዲያ ጭማሪ በወጣ ቁጥር ሙግት ይነሣል። ከተማሪዎቼ አንዱ፥ በሒሳብ ከክፍሉ ቀዳሚዎች የሚቆጠር ልጅ፥ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፥ አዲሱ ጭማሪ ጨዋታውን አበላሽቶታል። አንድ ካርታ አለ፤ እሱን የያዘ ያሸንፋል፤ ያልያዘ ይሸነፋል። በቃ፥ የተበላ ዕቁብ ነው።» ጓደኛው ወዲያው ተቀብሎ፦ «ውሸቱን ነው፤ ካርታው ምንም አላደረገ፤ እሱ ራሱ ስለማይችልበት ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፦ «ገና ሁለት ሳምንቱ እኮ ነው፤ ቆዩ፥ መድኃኒቱ ይገኝለታል» ሲል አስታራቂ መሰለ።

እነዚህን ሦስት ቃሎች ልብ በሉልኝ። አዲስ መመሪያ በወጣ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የሚሰሙት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። አንደኛው ሕጉ ሚዛን አጥቷል ይላል፤ ሁለተኛው ጥፋቱ የአንተ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ጊዜ ይፍረደው ይላል። ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደሚናገር የሚለይበት መንገድ አለን? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ላይ ነው።

ይህ ሙግት ከስልክ ጋር አብሮ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን ነገሥታትና መኳንንት ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥ እንደ ተጫወቱ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም አጨዋወቱን ተመልክቶ የጻፈው፥ እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታትሟል። በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት የሰንጠረዥን ታሪክና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1971 ሰፋ አድርገው ጽፈውበታል። ጨዋታው መስመር በተሰመረበት ጨርቅ ላይ፥ በ64 ቤቶች ውስጥ ይካሄዳል። ጠጠሮቹም ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይባላሉ።

አሁን ሚዛን ወደሚለው ነገር ልግባ። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ በሚጫወቱበት ጨዋታ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይጀምር?» የሚለው ነው፤ የጀመረ ይጠቀማልና። ዛሬ በዓለም በሚደረገው የቼዝ ውድድር ነጭ ይጀምራል፤ ከ100 ነጥብ ውስጥ ከ52 እስከ 56 የሚሆነውን የሚያገኘውም ነጭ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ከዓመት እስከ ዓመት አይጠፋም። የሀርዝስቶን ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ፥ ለጀማሪው 3 ካርታ ሲሰጡት ሁለተኛ ለሚጫወተው 4 ይሰጡታል፤ በዚያም ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የምታገለግል «ሳንቲም» ይመርቁለታል። ይህች ሳንቲም የመዘግየቱ ካሳ መሆኗ ነው።

የአባቶቻችን መልስ ግን ከሁለቱም የተለየ ነበር። በሰንጠረዥ መጀመሪያ «ወረራ» የሚባል ጊዜ አለ። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ባንድነት የፈለጉትን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው። «ማን ይጀምር?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ተፈታ፤ ሁለቱም ይጀምራሉ። ነገር ግን ሌላ ብልጫ ተወለደ፤ እጁ የፈጠነና የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን የሚያስተካክል ሰው ይጠቀማል። ከዚህ የምንማረው፥ አንድን ብልጫ ለማጥፋት የወጣ ሕግ ሌላ ብልጫ ይዞ እንደሚመጣ ነው። ፍጹም ሚዛን የሚባለው በሰማይ ካልሆነ በምድር አይገኝም፤ የሚገኘው ሰው ሊሸከመው የሚችል ሚዛን ነው።

ስለ ጠጠሮቹ ጉልበት ደግሞ እንይ። በሰንጠረዥ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ ደካማ ጠጠር ነው። ፊልም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል እንጂ ሌላ መንገድ ስለሌለው፥ ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜውን ሁሉ ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። በአውሮጳም ጨዋታው ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን ፈርዝ ወደ ንግሥትነት ተለወጠችና፥ በቀጥታም በሰያፍም እስከ ገበታው ዳር ትገሠግሥ ዘንድ ተፈቀደላት። በጊዜው በነበረው ዓይን ይህ ከማንኛውም የስልክ ጨዋታ ጭማሪ የባሰ ሚዛን ማፍረስ ነበር። በዚያ ዘመን በኢጣልያና በፈረንሳይ ለአዲሱ ጨዋታ የተሰጠው ስም «የእብዷ ንግሥት ሰንጠረዥ» የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ የተጫዋቾቹን አስተያየት ይመሰክራል።

ይህች እብድ ንግሥት ግን ዓለምን ወሰደች። የቀድሞውን ሥርዓት ሳይለውጥ የያዘው የኛ ሰንጠረዥ ከዚያ በኋላ እስከ 4 መቶ ዓመት ድረስ ከኖረ በኋላ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት እየተረሳ ሄዶ ዛሬ ተጫዋቹ አይታይም። እንግዲህ «ይህ ነገር ሚዛን አፈረሰ» የሚለው ጩኸት እውነት ሆኖ ሳለ፥ «ስለዚህ ጨዋታው ሞተ» የሚለው ማጠቃለያ ግን ሐሰት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሰንጠረዥ ሥርዓት ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን ደርና ፈረስ ከሌሎቹ ይልቅ ብርቱዎች መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ቢሆንም ጉልበታቸውን አልቀነሱባቸውም፤ የቀነሱት ክብራቸውን ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሡን አስጨንቆ ማሸነፍ ያልተጣራ አጨዋወት ሆኖ ሲቆጠር፥ በፊል ወይም በፈርዝ ማሸነፍ የተሻለ፥ መደቆችን ጨምሮ ማሸነፍ ደግሞ የሚመሰገን ነበር። ከዚህም ሌላ ጠጠሮቹ ሁሉ ተበልተው ራቁቱን የቀረን ንጉሥ ማሸነፍ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ብርቱ መሣሪያ የያዘ ሰው በመሣሪያው ብቻ እንዳይኮራ ማድረግ፥ መሣሪያውን ከመስበር የሚቀል የሚዛን ዘዴ ይመስለኛል። ግን ተመልካችና ይሉኝታ ያስፈልገዋል። የስልክ ተጫዋች ባላጋራውን አያየውም፤ ስለዚህ ይሉኝታ የለውም።

ይሉኝታ በሌለበት ቦታ ዳኛው ኩባንያው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሐምሌ «አንደርቴከር» ማለት «ቀባሪ» የተባለ ካርታ ወጣ። ዋጋው የረከሰ፥ ጉልበቱ 1፥ ዕድሜው 2 ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ ሲሞቱ አንድ ነገር የሚያደርጉ ካርታዎችን ባወረደ ቁጥር፥ ቀባሪው ጉልበትም ዕድሜም ይጨምር ነበርና፥ ገና በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ጨዋታውን ይጨርሰው ጀመር። ተጫዋቾች ጮኹ፤ በ2015 ጥር ዕድሜ መጨመሩ ቀርቶለት ጉልበት ብቻ እንዲጨምር ተደረገ። ስድስት ወር ያህል ፈጀ ማለት ነው። በ2020 ሚያዝያ ግን «ዲመን ሀንተር» የተባለ አዲስ ጎራ ወጥቶ ሲያይል፥ በማግሥቱ 4 ካርታዎቹ እንዲዳከሙ ተወሰነ። አንዱ ፍርድ ዘገየ፥ ሁለተኛው ፈጠነ። የዘገየው ብዙ ሰው አስመረረ፤ የፈጠነውም «አስቀድማችሁ አልመዘናችሁትም እንዴ?» የሚል ወቀሳ የሚጋብዝ ነው።

በዚህ ጊዜ የተዳከመውን ካርታ ብዙ ደክሞ ያገኘ ሰው ምን ይሁን? የልደታ ሰው «ካሳ» የሚለውን ቃል ትርጉም አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ፎቆች ሲተከሉበት ጠንቅቆ ተምሯል። ኩባንያውም ይህን አስቦ፥ የተዳከመውን ካርታ ለተወሰነ ጊዜ በሙሉ ዋጋው እንዲመልሱት ይፈቅዳል። ሕግ ሲለወጥ ሕጉን አምኖ የሠራውን ሰው ማሰብ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ የተሸነፈ ሰው ምስክርነት ይታመናልን? በፍርድ ቤት ባለ ጉዳይ ለራሱ ሲመሰክር ዳኛው ቃሉን ይጽፋል እንጂ ፍርዱን በዚያ ብቻ አይሰጥም። እኔም ተማሪዎቼን በሒሳብ ልፈትናቸው አሰብኩ። ክፍሉ 52 ልጆች አሉት። እያንዳንዳቸው ሳንቲም 12 ጊዜ እንዲወረውሩና ስንት ጊዜ አንበሳ እንደ ወጣ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። አራት ልጆች አንበሳ ያዩት 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። አንዱ «የእኔ ሳንቲም የተበላሸ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ሳንቲሙ አልተበላሸም። ፍጹም ትክክል በሆነ ሳንቲም 12 ጊዜ ወርውሮ ከ3 ያልበለጠ ማግኘት ከ4,096 መንገዶች በ299ኙ ይሆናል፤ ከ100 ሰው 7ቱ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲህ 12 ጊዜ ተጫውቶ 9 ጊዜ የተሸነፈ ልጅ ጨዋታው የተበላ ነው ቢል፥ ሐሰተኛ ነው አልለውም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ትክክል በሆነ ጨዋታም ከ14 ተጫዋቾች አንዱ ይህንኑ ይናገራል። የዕድል ነገር እንዲህ ነው፤ የደረሰበት ሰው በእርሱ ላይ የተነጣጠረ ይመስለዋል።

ያ መጀመሪያ የከሰሰው ተማሪ ግን በሳንቲም የሚረታ አልሆነም። «ታዲያ እኔ በምን ልለየው?» አለኝ። «ደብተር ያዝ» አልኩት። 60 ጨዋታ ድረስ መዘገበ። ውጤቱን ሳየው በእውነቱ ደስ አለኝ። ካርታውን ከያዙ ባላጋራዎች ጋር 20 ጊዜ ገጥሞ ያሸነፈው 6ቱን ብቻ ነው። ካልያዙት ጋር 40 ጊዜ ገጥሞ 21 አሸንፏል። ስለዚህ ክሱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። 20 ጨዋታ ለፍርድ ጥቂት ቢሆንም፥ ካርታው ያስጠረጥራል። ነገር ግን በጠቅላላው ከተሸነፈባቸው 33 ጨዋታዎች ውስጥ፥ 19ኙን የተሸነፈው ያ ካርታ በሌለበት ነው። ጓደኛውም ስለዚህ በከፊል እውነት ብሏል። ደብተሩን ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም፦ «ስለ አሥራ ዘጠኙ አንድም ቀን አውርቼ አላውቅም» አለ።

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ስልክ ጨዋታ ብቻ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ይኸው ልጅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ስለ ብሔራዊ ፈተናም የሚናገረው ቃል ያው ነበር፤ «የተበላ ዕቁብ ነው።» የቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ማቆሙንም የነገረኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ቃል ከባዶ አላመጣውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ያስታውሳል፤ ታላቅ ወንድሙ ከቀሩት መካከል ነበር።

እዚህ ላይ የሳንቲሙ ትምህርት ወደ ሌላ ወገን ያጋድላል። ከ14 ሰው አንዱ ሲወድቅ ዕድል ነው ልንል እንችላለን፤ ከ100 ሰው 97ቱ ሲወድቁ ግን ሳንቲሙን ማማት አይቻልም። አንድም ፈተናው ከትምህርቱ ጋር አልተመዛዘነም፤ አንድም ትምህርቱ ከፈተናው ጋር አልተመዛዘነም፤ አንድም ሁለቱ ባንድነት። ይህን መጠየቅ ስንፍና አይደለም፤ የዜጋ መብት ነው። በዚያን ጊዜም መንግሥት የማለፊያውን ነጥብ ሳይነካ፥ ከወደቁት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በዩኒቨርሲቲ የማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደ ገና እንዲፈተኑ አድርጓል። ይህም በበኩሌ ከሰንጠረዥ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አገኘሁት፤ ሕጉ ሳይሰበር ለወደቀው መንገድ ተተወለት።

ለተማሪዬ ግን የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለካርታው ደብተር ይዘህ የለም? ለፈተናውም ያዝ።» በሞዴል ፈተና የሳታቸውን 34 ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለየ። 12ቱ በታች ክፍሎች ሳለ ሳይማራቸው ከታለፉ ምዕራፎች የወጡ ናቸው፤ ስለ እነዚህ ቢያማርር እውነቱን ነው፤ እኔም አብሬው አማርራለሁ፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራውም እነሱን ነው። 22ቱ ግን ተምሯቸው የተዋቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሕጉ ሚዛን ሌላ፥ የኪስ ሚዛን ሌላ ነው። ጨዋታው በነፃ ይጀመራል፤ አዲሶቹ ካርታዎች ግን አምስት አምስት ሆነው በፓኮ ይሸጣሉ። በልደታ «ካርድ ግዛ» ሲባል የስልክ ሒሳብ መሙያ ነው፤ እሱም ለብዙ ልጅ ብርቅ ነው። በውጭ አገር ገንዘብ ከፍሎ ፓኮ የሚገዛ ተማሪ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ልጆቻችን ተጫውተው ባገኙት ካርታ፥ ከፍሎ ከገዛ የሩቅ አገር ልጅ ጋር ይገጥማሉ። ኩባንያው ካርታዎቹን እርስ በርሳቸው ሊያመዛዝን ይችላል፤ የተጫዋቾቹን አባቶች ደመወዝ ግን አያመዛዝንም። ስለ ሚዛን የሚሰጥ አስተያየት ሁሉ ይህን ካላነሣ ግማሹን ትቷል።

እንግዲህ እናንተ ተማሪዎችም፥ በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ ወጣት ሠራተኞችም፥ ስለ ፈተናም ሆነ ስለ ደረጃ ዕድገት «ሚዛን የለውም» የሚል ቃል ከአፋችሁ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። አንደኛ፥ ስንት ጊዜ ቆጥሬ ነው? ሁለተኛ፥ ያ ብርቱ ካርታ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እል ነበርን? ሦስተኛ፥ ሕጉ ቢለወጥ የሚመጣውን አዲስ ብልጫ አስቤዋለሁን? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ፥ ዝም አትበሉ፤ ጩኹ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ለጭብጦዋ ሳስተው አይደለም፤ ፍርድ ለሌለው ነገር ጥቂት የሚባል ኪሣራ እንደሌለ ስላወቁ ነው።

ነገር ግን ስለ ጭብጦዋ ስትከራከሩ፥ በራሳችሁ እጅ ያመለጡትን አሥራ ዘጠኙን አትርሱ። ስለ እነሱ የሚከስላችሁም የሚፈርድላችሁም ከእናንተ በቀር ሌላ የለም።